ብሪክስ ምንድን ነው? የአትክልት ጣዕም በቁጥር ሲለካ

ሁለት ቲማቲሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ መጠናቸውም እኩል ነው። አንዱ ሲቀመስ አፍ ይሞላል። ሌላው ውሃ ውሃ ይላል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ጭማቂያቸው ውስጥ ካለው ነገር አንዱን ክፍል ግን መለካት ይቻላል። መለኪያው ብሪክስ ይባላል።

1 ዲግሪ ብሪክስ ማለት በ100 ግራም ፈሳሽ ውስጥ 1 ግራም ስኳር ሟሙቷል ማለት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1798 እስከ 1870 ከኖረው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ከአዶልፍ ብሪክስ ነው። ለረጅም ዘመን የስኳርና የወይን ጠጅ ሥራ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ አትክልት የሚያለሙ ብዙ ሰዎች “አፈሬ በደንብ እየሠራ ነው ወይ?” ብለው የሚጠይቁት በእሱ ነው።

መሣሪያው ሪፍራክቶሜትር ይባላል። በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ቱቦ ሲሆን ጫፉ ላይ መስታወት አለው። ከፍሬው ወይም ከቅጠሉ ሁለት ሦስት ጠብታ ጭማቂ ጨምቆ መስታወቱ ላይ ማድረግ፣ ክዳኑን መግጠም፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር ቁጥሩን ይናገራል። ብርሃን ወደ ፈሳሽ ሲገባ ይታጠፋል፤ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ነገር በበዛ ቁጥር መታጠፉም ይጨምራል። ይኸው ነው። ከመጠቀም በፊት በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል አይረሳ። ሙቀትም ንባቡን ስለሚያዛባ መነሻው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ተራ ቲማቲም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ያነባል። ትንንሾቹ የቼሪ ቲማቲሞች ከዚያ ከፍ ይላሉ። ሐብሐብ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጣፋጭ ነው። ለጠጅ የሚለቀም ወይን ደግሞ 20ን ያልፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሣሪያው ስኳርን ለይቶ አያይም። የሚያየው የሟሟውን ሁሉ ነው፦ ስኳር፣ አሲድ፣ ማዕድን፣ ሌላም። በአብዛኛው ፍሬ ውስጥ ስኳሩ ስለሚበዛ ቁጥሩ የጣፋጭነት ምልክት ይሆናል እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ሎሚ ከተራ ቲማቲም በላይ ሊያነብ ይችላል፤ ሎሚን ጣፋጭ የሚል ግን የለም። ነጭ ሽንኩርት ከ30 በላይ ሲያነብም ይገኛል። ስለዚህ ካሮትን ከሐብሐብ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ካሮት ከካሮት ጋር፣ ያውም ከተመሳሳይ ዝርያ ጋር ሲወዳደር ነው ቁጥሩ የሚያወራው።

ጣዕም ራሱ ከስኳር የሰፋ ነገር ነው። አሲድ አለ፣ ሽታ አለ። ስኳሩ እኩል ሆኖ አሲዱ የበዛበት ብርቱካን ይኮመጥጣል። ሽታን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ደግሞ መጠናቸው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሪፍራክቶሜትር አያገኛቸውም፤ አፍንጫ ግን ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት ወደ 400 የሚጠጉ የቲማቲም ዓይነቶችን መርምሮ ነበር። ዘመናዊዎቹ የንግድ ዝርያዎች ከድሮዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በርካታ የጣዕም ንጥረ ነገሮችን አጥተዋል። ለብዛት፣ ለመጠንና ለጥንካሬ ሲመረጡ ጣዕም ተረሳ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፦ ምርጡ ኮምፖስት እንኳ ዝርያው ውስጥ የሌለውን ጣዕም አያመጣም። ለጣዕም ብሎ የሚያለማ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ዘሩ ይጠይቅ።

ዝርያው ጥሩ ከሆነ በኋላ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? ተክል ስኳርን ከአፈር አይወስድም። ቅጠሉ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ይሠራዋል። የገበሬው ሥራ ቅጠሉ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ማግኒዥየም የአረንጓዴው ቀለም ማዕከል ነው። ፖታሲየም ስኳሩ ከቅጠል ወደ ፍሬ እንዲጓዝ ይረዳል። እነዚህ ሲጎድሉ ወደ ፍሬው የሚደርሰው ስኳር ያንሳል።

ናይትሮጅን ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የኦርጋኒክና የኬሚካል ልዩነት በደንብ የሚታየው እዚህ ነውና። ናይትሮጅን በአንድ ጊዜ በብዛት ሲመጣ ተክሉ ወደ ቅጠልና ወደ ቁመት ይሮጣል። ሥጋው ውሃ ያዝላል፣ ስኳሩ ለአዲስ ቅጠል ይውላል፣ የቫይታሚን ሲ መጠንም ብዙ ጊዜ ይወርዳል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ግን ናይትሮጅኑን የሚለቀው በዝግታ ነው፤ መጀመሪያ የአፈር ጥቃቅን ሕይወት መብላት አለበት። ተክሉ ዝግ ብሎ ያድጋል፣ ሥጋው ይጠጥራል። ይህ ማለት ግን ኦርጋኒክ የተባለ ሁሉ ይጣፍጣል ማለት አይደለም። ያልበሰለ የዶሮ ኩስ በብዛት የተደፋበት መደብም ልክ እንደ ዩሪያ ውሃ ውሃ የሚል ቲማቲም ያወጣል። ዋናው ነገር መጠኑና ፍጥነቱ ነው።

ውሃም እንደዚሁ። ፍሬው መብሰል ሲጀምር ውሃ መቀነስ ጣዕሙን ያጠናክራል፤ ምርቱ ግን ይቀንሳል፣ ፍሬውም ያንሳል። ይህን ዋጋ መክፈል አለመክፈል የአልሚው ውሳኔ ነው። እኔ ለገዛ ማዕዴ ከሆነ ጣዕሙን እመርጣለሁ። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ግን አይገባም። አፈሩ ደርቆ ድንገት ሲጠጣ ቲማቲም ይሰነጠቃል። አፈሩን በደረቅ ሣር ማልበስ እርጥበቱን እኩል ያደርገዋል።

በዚህም ምክንያት መለካት ሥርዓት ይፈልጋል። ከዝናብ በኋላ የተወሰደ ንባብ ዝቅ ይላል። የቅጠል ጭማቂ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም፤ ቀኑን ፀሐይ ሲመታው ስኳሩ ይጨምራል። ፍሬም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይጣፍጥም። ተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ የፍሬ ክፍል፣ ብዙ ፍሬ፣ ከዚያ አማካዩ። አንድ ፍሬ ጨምቆ ስለ ማሳው መፍረድ ልክ አይደለም።

አሁን ወደ አከራካሪው ነገር። “ብሪክሱ ከፍ ያለ አትክልት በማዕድን የበለጸገ ነው” ሲባል በተደጋጋሚ ይሰማል። እኔ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ። በጭማቂ ውስጥ ብረትና ዚንክ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከስኳሩ ብዛት የተነሣ ንባቡን ከፍም ዝቅም አያደርጉትም። ስለ ማዕድን ማወቅ የፈለገ ሰው ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል። “ብሪክሱ 12 ከደረሰ ነፍሳት አይነኩትም” የሚለውንም አልቀበልም። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ነፍሳት የሚመጠው የተክሉን የስኳር ቧንቧ ነው፤ እዚያ ያለው ስኳር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቁጥር በላይ ነው።

ኦርጋኒክ ምርት ራሱ የበለጠ ገንቢ ነው ወይ? የተጠናው ነገር ሁለት ወገን አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ትልቅ የጥናቶች ግምገማ በቫይታሚን በኩል ጎላ ያለ ብልጫ አላገኘም። በ2014 የወጣና 343 ጥናቶችን የሰበሰበ ሌላ ግምገማ ደግሞ በኦርጋኒክ ሰብሎች ውስጥ ከፍ ያለ አንቲኦክሲዳንት (ሕዋስን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር) እና ዝቅ ያለ ካድሚየም (መርዛማ ብረት) አግኝቷል። እነዚህ አንቲኦክሲዳንቶች ብዙዎቹ ተክሉ ራሱን ለመከላከል የሚሠራቸው ናቸው። ናይትሮጅን ጠግቦ የሚሮጥ ተክል ለእነሱ የሚተርፈው ያንሳል። ምክንያቱ አፈሩና አመጋገቡ ላይ ስለሆነ፣ እሽጉ ላይ ካለው ማኅተም ይልቅ አመራረቱ ይበልጥ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ መቼ እንደሚለቀም ነው፤ ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ነው። ሙዝና ማንጎ በኋላ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች ስለሚያከማቹ ከተቆረጡ በኋላም ይጣፍጣሉ። እንጆሪ፣ ወይን፣ ሐብሐብና ብርቱካን ግን የሚያከማቹት ስታርች ስለሌለ በተቆረጡበት ስኳር ይቀራሉ። እንጆሪ ከተለቀመ በኋላ ሊቀላ ይችላል፣ ስኳሩ ግን አይጨምርም። እሸት በቆሎና አተር ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፤ ከተለቀሙ ሰዓት ጀምሮ ስኳራቸው ወደ ስታርች ይለወጣል፣ ሙቀት ሲኖር ደግሞ በፍጥነት። እነሱን ቶሎ ማቀዝቀዝና ቶሎ መብላት ነው። ቲማቲምን ግን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ይጎዳዋል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ሲቆይ ስኳሩ ብዙም ሳይነካ ሽታው ይጠፋል። ሪፍራክቶሜትሩ ያው ቁጥር ያሳያል፣ ቀማሹ ግን ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል።