ምክር ቤቱና ካቢኔው አንድ አይደሉም

በጎጃም፣ ከቢቸና እስከ ቡሬ፣ አፈ ጉባኤው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ሲያቀርብ ብዙ ሰው ሁሉንም «ቀበሌው ወሰነ» ብሎ ይወስደዋል። ምክር ቤቱ በወሰነውና ካቢኔው በወሰነው መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው።

በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለቀበሌ ሦስት አካላት ይሰጣል። ምክር ቤቱ ነዋሪው የመረጣቸው ተወካዮች ናቸው፤ ስብሰባውን አፈ ጉባኤው ይመራል። አስተዳደሩ፣ በተለምዶ ካቢኔ የምንለው፣ የዕለት ሥራውን ይሠራል፤ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው። ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ አነስተኛ ክርክሮችን ያያል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ መዋጮ ተጣለ ሲባል ጠይቁ። ምክር ቤቱ ተወያይቶበታል? ቃለ ጉባኤስ አለ? አስተዳደሩን የሚመራው ሊቀመንበር ብቻውን «ወስኛለሁ» ካለ፣ ያ የምክር ቤት ውሳኔ አይደለም። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የመረጣችሁት ተወካይ መልስ ሊሰጣችሁ ይገባል። ለእኔ ከሪፖርቱ ሁሉ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

የመሬት ጉዳይ ግን ሌላ በር አለው። ለሱ ነዋሪው የሚመርጠው የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አለ። የወሰን ወይም የመሬት ደብተር ጥያቄ ያለው ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ።