«ሴቭ አድርጌዋለሁ እኮ!»

መብራት በሄደ ማግስት ስልኬ አያርፍም። ከፒያሳ ይደወላል፣ ከካዛንቺስ ይደወላል፣ ከሜክሲኮ ይደወላል። ሰርቨር፣ የቢሮው ሁሉ ዳታ ያለበት ኮምፒውተር፣ አልነሳ ብሎ ነው። ተጠርቼ መሄዱን ለምጄዋለሁ፤ በየቢሮው ያንኑ የተሳሳተ ነገር መስማት ግን በጣም ሰልችቶኛል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጥቀስ።

«ጄኔሬተር አለን፣ ዩፒኤስ ምን ያደርግልናል?» ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ በባትሪው ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ሳጥን ነው። ጄኔሬተር ግን ተነስቶ መብራት እስኪሰጥ ሰከንዶች ይፈጃል። ጥበቃው ቁልፍ ፍለጋ ከሄደ ደግሞ ደቂቃዎች። ሰርቨሩ ያን ያህል አይጠብቅም፣ ወዲያው ይጠፋል።

«ስታብላይዘርም ያው ነው።» አይደለም። ውስጡ ባትሪ የለም። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

«ሬይድ ስላለን ዳታ አይጠፋም።» ሬይድ፣ ዳታን ብዙ ዲስክ ላይ አከፋፍሎ የሚይዘው አሠራር፣ የሚያድናችሁ ዲስክ ሲሞት ነው እንጂ መብራት ሲሄድ አይደለም።

«የዩፒኤሱ መብራት በርቷል፣ ደህና ነው።» ባትሪው ግን ስንት ዓመቱ ነው? በብዛት የምናገኘው የእርሳስ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። መስኮት በሌለው ሙቅ ክፍል ከተቀመጠ ከዚያም ያንሳል። «ጮኸብን» ብላችሁ ድምፁን አትዝጉት፤ የሚጮኸው በምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ሴቭ ካልኩ ዲስኩ ላይ ገብቷል።»

አልገባም! ሴቭ ስትሉ ዳታው መጀመሪያ ራም ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ፣ ያርፋል። ከዚያ ዲስኮቹን ወደሚቆጣጠረው ሬይድ ካርድ ይሄዳል። ካርዱ የራሱ ሚሞሪ አለው፤ ካሽ እንለዋለን። ዳታውን እዚያ ይቀበልና «ጽፌዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። ዲስክ ዘገምተኛ ስለሆነ ወደዚያ የሚያወርደው ቆየት ብሎ ነው። በዚህች መሐል መብራት ከሄደ ካሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ዳታቤዙ ተጽፏል ብሎ ያመነው ነገር ዲስኩ ላይ የለም። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ከቀረ ደግሞ ይብሳል፤ ዳታቤዙ ጭራሽ አልከፈት ሊል ይችላል።

ካርዱ ላይ ትንሽ ባትሪ የሚደረገው ለዚህ ነው። ሰርቨሩን አያንቀሳቅስም። ካሹን ብቻ በሕይወት ያቆያል፣ ብዙዎቹ እስከ 72 ሰዓት ድረስ። መብራት ሲመጣ ካርዱ የያዘውን ዲስኩ ላይ ይጽፋል። አዳዲሶቹ ካርዶች በባትሪ ፋንታ ካፓሲተር አላቸው፤ ካሹን ፍላሽ ላይ ገልብጦ እስኪጨርስ የሚበቃ ኃይል ይይዛል።

ይህች ባትሪም ታረጃለች። ስትሞት አብዛኛዎቹ ካርዶች ለጥንቃቄ ብለው ካሹን ትተው ቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ። ሰርቨሩም ይንቀራፈፋል። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ሰርቨሩ ዘገየባቸው። አንድ ሰው የካርዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ባትሪ ባይኖርም ካሹን ተጠቀም» የሚለውን መረጠ። ፍጥነቱ ተመለሰ፣ ሁሉም ተደሰተ። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ደርሼ ካርዱን ስፈታው ባትሪዋ አብጣ የፕላስቲክ ሽፋኗን ገፍታዋለች። ሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቤ ቆማ «ወንድሜ፣ ሴቭ አድርጌዋለሁ እኮ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ስክሪኑ ተጽፏል ብሏታል። ባክአፕ ከተወሰደ 11 ቀን አልፎት ስለነበር የ11 ቀን ሥራ ከደረሰኝ ላይ እንደገና ተመታ። ሁለት ሌሊት አብሬያቸው አደርኩ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሰርቨር ሲዘገይ መጀመሪያ የካርዱን ባትሪ እዩ። የዩፒኤሱን የዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙና ሶፍትዌሩን ጫኑ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት ይዘጋዋል። ይህን ገመድ ስንት ቢሮ ከነፕላስቲኩ ካርቶን ውስጥ አግኝቼዋለሁ! ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፣ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል። ባትሪ የቀየራችሁበትን ቀን በማርከር ላዩ ላይ ጻፉ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ሰርቨሩን አጥፉና በእሱ ቦታ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ዩፒኤሱ ላይ ሰኩ። ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉና ሰዓት ያዙ። 15 ደቂቃ ይይዛል የተባለው 40 ሰከንድ ላይ ከወደቀ፣ ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ባትሪ ግዙ።