ሌላ ክርታስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የግሸን በዓል በዋለ በሳምንቱ፣ እዚሁ ደሴ፣ ከጽዋ ማኅበራችን አባላት አንዷ የሆኑ አረጋዊት እናት ከቅዳሴ ስንወጣ በቅጥሩ በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ዘንድሮ መጽሔታችሁን ምን ነካት? ለንግሥ ሳትወጣ ቀረች እኮ» አሉኝ። የወረቀቱና የኅትመቱ ዋጋ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አቅም በላይ ስለሆነ መጽሔታችን ከዚህ እትም ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ እንደምትወጣ ነግሬ ስልኬን ከፍቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አደረጉ፤ ገጹን ጥቂት አዩትና መልሰው ሰጡኝ። «እኔስ ድሮም አላነበብኋት፤ ሲነበብልኝ ነው የኖርሁት። አሁን ማን ሊያነብልኝ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን ስመላለስበት ሰነበትሁ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ኤርምያስ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሎ ሳለ ቃሉን በአፉ ይናገራል፤ ጸሐፊው ባሮክም በክርታስ ላይ በቀለም ይጽፋል። የተጻፈውም ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ አልነበረም፤ ባሮክ በጾም ቀን በሕዝቡ ሁሉ ጆሮ አነበበው፤ ቀጥሎም ለመኳንንቱ አነበበላቸው፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ተያይተው ፈሩ። በመጨረሻ ይሁዲ የሚባል ሰው ወደ ንጉሡ ወደ ኢዮአቄም ይዞት ገባ። ወሩ ዘጠነኛው ወር ነው፤ ንጉሡ በክረምት ቤቱ ተቀምጧል፤ በፊቱም እሳት ይነድዳል። ይሁዲ ሦስትና አራት ዓምድ ባነበበ ቍጥር ንጉሡ በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ይጥለው ነበር። ሦስት ሰዎች እንዳያቃጥል ለመኑት፤ እርሱ ግን አልሰማቸውም።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ንጉሡ ማቃጠሉ ብቻ አይደለም፤ እየሰማ ማቃጠሉ ነው። ሙሉውን ሰምቶ አልፈረደም፤ ጥቂት ይሰማል፣ የሰማውን ይቆርጣል፣ ከዚያ ደግሞ ጥቂት ይሰማል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፈው እያዘንሁ ነው። በኢንተርኔት የወጣው የመጀመሪያው እትማችን ስለ ጾመ ጽጌ የሚያስተምር ጽሑፍ ነበረው። ጸሐፊው ጾሙ ከሰባቱ አጽዋማት የማይቈጠር የፈቃድ ጾም መሆኑን ከገለጠ በኋላ፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ እመቤታችን ልጇን አዝላ በግብፅ በረሃ መንከራተቷን እያሰበ የሚጾም ሰው ምን በረከት እንደሚያገኝ በሰፊው አትቷል። ጽሑፉ በወጣ በማግስቱ «የፈቃድ ጾም ነው» የምትለዋ አንዲት መስመር ብቻ በስክሪንሾት ተቈርጣ፣ «ጾሙ አያስፈልግም አሉ» ተብሎባት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ስትዞር ዋለች። ከተሳደቡት መካከል ስንቱን በስም አውቃለሁ፤ አብረን የምናስቀድስ ነን። ካራው በእጃችን ነው። ቀድሞ መጽሔቷን በብር ገዝተን ስንወስድ ቢያንስ ገጹን እስከ ታች እናየው ነበር፤ ዛሬ በነጻ ስናገኛት ሦስት መስመር አንብበን እንፈርድባታለን።

ጥፋቱን በስልኩ ላይ የምትጥሉ ግን አብሽሩ፤ ቃሉ ከአንዱ መጻፊያ ወደ ሌላው መሻገሩ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ፍየልና በግ አርደው፣ ቆዳውን ፍቀው ብራና አድርገው የጻፉት መዝሙረ ዳዊት በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም በግእዝ ፊደል ታትሟል፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ፊደላችንም በ1999 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት መለያ ወደ ዩኒኮድ ገብቶ በየስልኩ ሊነበብ በቅቷል። ክርታሱ ከተቃጠለ በኋላ ኤርምያስ ተቀምጦ አላለቀሰም። ሌላ ክርታስ ወስዶ ለባሮክ ሰጠው፤ ባሮክም የተቃጠለውን ሁሉ ከነቢዩ አፍ እንደገና ጻፈ፤ ያን የሚመስል ብዙ ቃልም ተጨመረበት።

እኛም ይህን እያየነው ነው። የቀደሙት እትሞች ፓወር ግዕዝ በሚባል የቆየ የመተየቢያ ፕሮግራም የተጻፉ ስለነበሩ በዛሬው ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ሆነው ታዩ። ስለዚህ ልጆቻችን ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ተቀምጠው እንደገና ይተይቡታል፤ አንዱ ከወረቀቱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ ስትሳሳት ይመልሳታል። ባሮክም ከነቢዩ አፍ እየሰማ የጻፈው እንዲህ ነበር። (ወረቀቱን ግን አትጣሉ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ኋላም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ፣ ያነበብነው ከሣጥን ሥር ያወጣነውን የድሮ እትም ነበር።)

የቀረብን ማንበቡ ነው፤ ለሌላ ሰው ማንበቡ። ግሸን ያለችውን፣ የመስቀሉን ታሪክ የያዘችውን መጽሐፈ ጤፉትን ከእኛ መካከል በዓይኑ ያየ ስንት ነው? የግማደ መስቀሉን ታሪክ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተነብቦልን ሰምተናልና። መጽሔታችንም በየቤቱ ከቡና በኋላ አንድ ተማሪ ልጅ ሲያነባት፣ አያት «ቀስ በል» ሲሉ፣ ጎረቤት ሲጨምርበት የኖረች ናት። አሁን እያንዳንዳችን ጥግ ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ለብቻችን እንመለከታታለን። አጠገባችን የተቀመጡት እናት ምን እያየን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ስልክ ያለህ ወንድሜ፣ ይህ ዕዳ ያንተ ነው፤ እናትህ ቃሉን የምትሰማው ባንተ አፍ ነው።

ጥቅምት 21 ጽዋው እኚያ እናት ቤት ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ያን ስለ ጾመ ጽጌ የተጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁ። መሀል ላይ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ቻርጀር ይዞ መጣ፤ ገመዱ አጭር ስለነበር ግድግዳውን ተጠግቼ በርከክ ብዬ ቀጠልሁ። ስጨርስ ማንም አልተናገረም። እርሳቸው ግን «ያችን ስለ በረሃው የምትለዋን እንደገና በላት» አሉኝ። ወደ ላይ መለስሁና ከዚያው አነበብሁላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።