የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በደቡብ እስያ ልቦለድና ኮሚክ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በህንድ፣ በፓኪስታን፣ በባንግላዴሽና በስሪላንካ፣ እንዲሁም ከእነዚህ አገሮች ወጥተው በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በካናዳና በአሜሪካ በከተሙ ቤተሰቦች ልጆች የተጻፉና የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን፣ ከተለመደው የወንድና የሴት ክፍፍል ውጭ ያለውንም ሕይወት ማዕከል ያደረጉ ልቦለዶችና ኮሚኮች ዛሬ ራሱን የቻለ የንባብ ዘርፍ ሆነዋል። ዘርፉ እዚህ የደረሰው ባብዛኛው በትናንሽ አሳታሚዎችና መጽሔቶች፣ ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት በተሰባሰቡ አንባቢዎች ያልታከተ ጥረት ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ ወዳጆች ሥሩን ከጥንታዊ ትርክቶች ይመዝዛሉ። በጥንታዊው የህንድ ገድለ ግጥም በማሃባራታ ሴት ሆና ተወልዳ እንደ ወንድ ያደገችው፣ በኋላም ጾታዋን የለወጠችው ሺካንዲ ትገኛለች፤ ገጣሚው ክሪቲባስ በቤንጋሊኛ በጻፈው ራማያና በተባለው ሌላ ገድል ደግሞ ንጉሥ ባጊራታ ባላቸው ከሞተባቸው ሁለት ንግሥቶች ፍቅር እንደተወለደ ተተርኳል። ሩት ቫኒታና ሳሊም ኪድዋይ እነዚህንና መሰሎቻቸውን ሰብስበው በ2000 ያሳተሙት መድብል እስካሁን ተኪ ያልተገኘለት ማጣቀሻ ነው። ጥንታዊዎቹን ታሪኮች በዛሬው ስም መጥራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ምሁራንን ያከራክር ይሆናል፤ ታሪኮቹ መኖራቸው ግን አያከራክርም። በህንዷ ላክናው ከተማ የኡርዱ ገጣሚዎች በሴት አንደበት የጻፉት ሬክቲ የተባለው ግጥምም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል።

በዘመናዊው ኅትመት ቀድሞ የሚነሳው «ኡግራ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የሂንዲ ደራሲ ፓንዴ ቤቻን ሻርማ ሲሆን፣ በ1924 ካልካታ ይታተም በነበረው «ማትዋላ» መጽሔት ላይ ስለ ወንዶች ፍቅር የሚተርከውን «ቾኮሌት» የተሰኘ አጭር ልቦለድ አወጣ፤ በ1927ም ተመሳሳይ ታሪኮችን ጨምሮ በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አደረገው። ደራሲው ዓላማዬ ነውርን ማጋለጥ ነው ቢልም፣ ተቃዋሚዎቹ ነውሩን ያስፋፋል ብለው ዘመቱበት። ጉዳዩ ጋንዲ ዘንድ ሳይቀር ደረሰ፤ ጋንዲ መጽሐፉን ካነበበው በኋላ ጸያፍ ሆኖ እንዳላገኘው የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ላወገዘው ፍቅር ያን ያህል የኡርዱ ግጥም በገጸ ባሕርያቱ አፍ ማስገባቱ ዛሬ ያሉ አንባቢዎችን ጥርጣሬ ላይ ይጥላል።

ከሁሉ ይልቅ በሰፊው የተመዘገበው ግን በ1942 «አዳብ-ኢ-ላቲፍ» በተባለው የኡርዱ መጽሔት የወጣው የደራሲዋ ኢስማት ቹግታይ «ሊሃፍ» (የጥጥ ብርድ ልብስ) ነው። ተራኪዋ ቤጉም ጃን ቤት በአደራ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ናት። የቤጉም ባል ከሚስቱ ይልቅ ቀጭን ወገብ ያላቸውን ወጣት ተማሪዎች ማስተናገድ ይወዳል፤ ሚስቱ በበኩሏ ሰውነቷን ቀን ከሌት ከምታሻት ራቡ ከተባለች አገልጋይ አትለይም። ሌሊት የጥጥ ብርድ ልብሱ ይናወጣል፣ ጥላውም ግድግዳው ላይ እንደ ዝሆን ይወዛወዛል፤ ልጅቱ ፈርታ ታያለች እንጂ የምታየውን አትረዳም። ደራሲዋ ምንም አትገልጥም፤ የታሪኩ ብልሃትም፣ በኋላ ፍርድ ቤት ያዳነውም ይኸው ነው።

ታሪኩ ጸያፍ ነው በሚል የተመሠረተው ክስ መጥሪያ ቦምቤይ ቤቷ በ1944 መጨረሻ ሲደርስ ለሁለት ወር ሕፃን ልጇ ጡጦ እያዘጋጀች እንደነበር ቹግታይ በትዝታዋ ጽፋለች። ከሳሹ የእንግሊዝ ዘውድ፣ ችሎቱ ላሆር ነበር፤ በሌላ ታሪኩ በተመሳሳይ ክስ የተጠራው ደራሲ ሳዳት ሀሰን ማንቶም አብሯት ተጓዘ። ይቅርታ ጠይቂ፣ ቅጣቱን እኛ እንከፍላለን ያሏት ነበሩ፤ እርሷ አሻፈረኝ አለች። በችሎቱ አንድ ምስክር ስለ ወዳጅ መሰብሰብ የሚናገረውን ሐረግ ጸያፍ ነው ብሎ ሲያመለክት፣ ጠበቃዋ የትኛው ቃል እንደሆነ አጥብቆ ጠየቀው። ምስክሩ «ወዳጅ» የሚለውን መረጠ፤ ጠበቃውም ቃሉን ታላላቅ ገጣሚዎች ሁሉ እንደተጠቀሙበት አስታወሰው። ለጨዋ ልጃገረድ ወዳጅ መሰብሰብ ነውር ነው ሲል፣ ጨዋ ላልሆነችውስ ተባለ፤ መልሱ አሉታ ሆነ፤ ጠበቃውም እንግዲያው ደንበኛዬ የጻፈችው ጨዋ ስላልሆኑት ይሆናል አለ። ቹግታይ ነጻ ወጣች። ሌሎች ሥራዎቿን ሁሉ የጋረደባት ይህ አንድ ታሪክ ሲነሳባት እስከ ዕድሜዋ ማምሻ ቅር ይላት ነበር፤ ቅሬታዋ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ከ«ሊሃፍ» ሌላ የሚነበብ ብዙ ጽፋለች።

ህንድና ፓኪስታን በ1947 ከተከፈሉ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት መካከል በ1974 ሁለት ልጃገረዶችን ባለታሪክ ያደረገው የቪ. ቲ. ናንዳኩማር የማላያላም ልቦለድ ይጠቀሳል።

በ1986 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ትሪኮን የተባለው የደቡብ እስያውያን ማኅበር ከነመጽሔቱ፣ በ1990 ደግሞ በአሾክ ራው ካቪ መሪነት «ቦምቤይ ዶስት» መጽሔት ተመሠረቱ፤ ብቻዬን ነኝ ይል ለነበረ አንባቢ እነዚህ ኅትመቶች የመጀመሪያው መገናኛ ሆኑለት። በስሪላንካዋ ኮሎምቦ ተወልዶ በታሚሎች ላይ ከተነሳው የ1983ቱ ሁከት በኋላ ካናዳ የገባው ሺያም ሰልቫዱራይ በ1994 ያሳተመው «ፈኒ ቦይ» የአንድ ታሚል ልጅን ዕድገትና አገሪቱ ወደ ጦርነት ያዘገመችበትን ጊዜ አጣምሮ ተረከ። በ1998 መጨረሻ የሁለት ባለትዳር ሴቶችን ፍቅር የሚያሳየው የዲፓ ሜህታ «ፋየር» በቀረበባቸው ሲኒማ ቤቶች ላይ ጥቃት ሲደርስ፣ ጉዳዩ ከጽሑፍ ወጥቶ አደባባይ ዋለ። ፊልሙ ከ«ሊሃፍ» ተወስዷል የሚሉ አሉ፤ መመሳሰሉ ቢታይም የራሱ ታሪክ ያለው ሥራ ነው።

ሕጉ ከሥነ ጽሑፉ ጋር ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። በህንድ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣ የነበረውን የቅኝ ግዛቱን አንቀጽ 377 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 ሲያጠበው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ወደ ቦታው መለሰው፤ በመስከረም 2018 ደግሞ ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአዋቂዎች ፈቃድ ላይ ለተመሠረተ ግንኙነት ተፈጻሚ እንዳይሆን ወሰነ። በዚህ ሁሉ መካከል የሳቺን ኩንዳልካር የማራቲ ልቦለድ «ኮባልት ብሉ» በ2006 ወጣ፤ ወንድምና እህት አንዱን ተከራይ ሲያፈቅሩ የሚያሳየው ይህ ታሪክ በ2013 በጄሪ ፒንቶ ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመ በኋላ ነው ሰፊ አንባቢ ያገኘው። በ2010 የተከፈተው ኩዊር ኢንክ የተባለው መጻሕፍት ሻጭ በኢንተርኔት ትእዛዝ እየተቀበለ መጻሕፍቱን ቤት ድረስ በመላክ የመጽሐፍ መደብር ደፍሮ መግባት ላቃተው ሰው ትልቅ ውለታ ውሏል።

ኮሚኩ የራሱ ልደት አለው፤ እርሱም የአምሩታ ፓቲል «ካሪ» ነው። በ2008 የታተመው ይህ ሥራ በህንዳዊት ሴት የተሠራ የመጀመሪያው ስዕላዊ ልቦለድ እንደሆነ ይነገራል። ሁለት ፍቅረኞች ከፎቅ ሲዘሉ ይጀምራል፤ ሩትን የተዘረጋ መረብ፣ ካሪን የፍሳሽ ቦይ ያተርፏቸዋል። ሩት አገር ጥላ ስትሄድ፣ ካሪ በጭስ በታፈነችው ከተማ ቀርታ በማስታወቂያ ድርጅት ለጸጉር ሻምፑ ቃላት ትፈልጋለች፣ ሌሊት ደግሞ በሐሳቧ በፍሳሹ ላይ ጀልባ ትቀዝፋለች። ገጾቹ ባብዛኛው ጥቁርና ነጭ ሲሆኑ ቀለም ድንገት የሚፈነጥቅባቸው ጥቂት ናቸው። ካሪ ማንነቷን ለማንም ስታስረዳ አትታይም፤ አድናቂዎች የስዕል ክፈፎቹን እየቆረጡ ሲለዋወጡ የኖሩት በዚህ ኩራቷ ሳይሆን አይቀርም። ከቤንጋል ቤተሰብ የተገኘችው አሜሪካዊት ቢሻክ ሶም በ2020 ያወጣችው «አፕሳራ ኤንጂን» በተከታዩ ዓመት ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅርና መሰል ሕይወት ለሚጻፉ ሥራዎች ከሚሰጡት የላምዳ ሽልማቶች የኮሚኩን ወስዷል።

በባንግላዴሽ ዋጋው ከባድ ነበር። በ2014 «ሩፕባን» መጽሔት ወጣ፤ በ2015 ሴት የምታፈቅር ዲ የተባለች ወጣትን ባለታሪክ ያደረገ ኮሚክ በዳካ ተዋወቀ። በሚያዝያ 2016 የመጽሔቱ መሥራች ዙልሃዝ ማናን ከጓደኛው ጋር ቤቱ ውስጥ ተገደለ፤ በ2021 ፍርድ ቤት በስድስት ሰዎች ላይ የሞት ፍርድ አስተላለፈ። ዳካ ተወልዳ አየርላንድ ያደገችው አዲባ ጃይጊርዳር በ2020 «ዘ ሄና ዋርስ»ን ስታሳትም፣ ቤንጋሊ ልጃገረድ በደስታ የምታፈቅርበት ታሪክ ለወጣት አንባቢዎች ቀረበ።

የአድናቂዎች ጽሑፍ (አድናቂዎች በሚወዷቸው ሥራዎች ገጸ ባሕርያት ላይ የሚጽፉት ታሪክ) ዋና የኢንተርኔት መጋዘን በሆነው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን ላይ የደቡብ እስያ ድርሻ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ነበር። በ2022 «አር አር አር» የተባለው የቴሉጉ ፊልም ሲወጣ፣ የባለታሪኮቹን የራምንና የቢምን ወዳጅነት ወደ ፍቅር የለወጡ ታሪኮችና ስዕሎች ጎረፉ። በማሃባራታ ላይ ተመሥርቶ አምላኩን ክሪሽናንና ጀግናውን አርጁናን የሚያፋቅረው ጽሑፍ ግን ይበልጥ ያጨቃጭቃል፦ አንዳንድ አማኞች ሕያው ሃይማኖት የመዝናኛ ጽሑፍ ጥሬ ዕቃ መሆኑን ይቃወማሉ፤ ጸሐፊዎቹ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ሂንዱ ሆነው፣ ታሪኩ በየቋንቋው እየተለወጠ ሲተረክ የኖረ ነው ይላሉ።

በምናባዊ ልቦለድ ረገድ የታሻ ሱሪ «ዘ ጃስሚን ትሮን» በ2021 ታትሞ በተከታዩ ዓመት የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን አሸነፈ። በእሳት መቃጠልን እምቢ በማለቷ ንጉሠ ነገሥት ወንድሟ ያሰራት ልዕልት ማሊኒና አገልጋይዋ ፕሪያ እስከ 2024 በተጠናቀቁ ሦስት መጻሕፍት ሲፋቀሩና ሲካካዱ የሚታዩበት ይህ ሥራ፣ ከዘርፉ ልቦለዶች መካከል አድናቂዎች ደጋግመው ከሚስሏቸው አንዱ ነው። ከስሪላንካ የቫጅራ ቻንድራሴከራ «ዘ ሴይንት ኦፍ ብራይት ዶርስ» በ2024 የኔቡላን ሽልማት ወስዷል፤ ወንድ የሚያፈቅረው ባለታሪኩ አባቱን እንዲገድል በእናቱ የሠለጠነ ነው። ይህ ሁሉ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ በ2013 በደቡብ ህንዱ የካነዳ ቋንቋ የወጣው የቫሱደንድራ «ሞሃናስዋሚ» ወደ እንግሊዝኛ ለመሻገር ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል።