የጎጃም ቅርሶች፣ ጎብኚውና የአካባቢው ሰው

ጎጃም ዓባይ ከሦስት በኩል ዞሮ የከበበው አገር ነው። በቀድሞው ጠቅላይ ግዛት መተከልም ከውስጡ ነበር። ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ አዊ እየተባለ በዞን ተከፋፍሏል። ገዳማቱ፣ የቅኔ ቤቶቹ፣ ፏፏቴውና ሐይቁ አገሩን ያስጠሩ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያየው እነዚህን ቅርሶች መጠበቅና ማስጎብኘት አጠገባቸው ለሚኖረው ሰው ምን እንዳመጣለትና ምን እንደወሰደበት ነው።

ስለ ጎጃም ቅርስ ከተጻፈው አብዛኛው ስለ ጣና ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት። አጥኚው ጠዋት በጀልባ ሄዶ ማታ ሆቴሉ ይመለሳል። ወደ ሰከላ ወይም ወደ እነብሴ ለመሄድ ግን ዳገቱና ጭቃው አለ። ስለዚህ ይህም ጽሑፍ ጣና ላይ ይረዝማል፣ ሌላው ላይ ያጥራል።

ከቱሪዝም በፊት

በጎጃም ቅርስ ጥበቃ የሚባለው ሥራ ከመሥሪያ ቤት በፊት ነበረ። ዛፍ የሚጠበቀው በግዝት ነበር። መጽሐፍና ዘውድ የሚጠበቀው በዕቃ ቤት፣ ጠባቂውም በደብሩ ሰው ፊት በሚገባው ኃላፊነት ነበር። የውጭ ጎብኚ ታሪክም አዲስ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ በሰከላ ያለውን የዓባይን ምንጭ፣ ግሼ ዓባይን፣ ያየው እ.ኤ.አ. በ1618 ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ ምንጩን አገኘሁ ብሎ ለዓለም አወጀ። ከእሱ በፊት አውሮፓዊ እንደረገጠው ሊቀበል አልወደደም። የሰከላ ሰው ግን ምንጩ የት እንዳለ ማንም እንዲነግረው የጠበቀበት ጊዜ የለም።

ዘጌ

የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ቤተ ጊዮርጊስና የአቡነ በትረ ማርያም ገዳም ሁሉም እዚያው ጫካ ውስጥ ናቸው። በትውፊቱ መሠረት ቡናው የበቀለው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። ጻድቁ ከእግዚአብሔር በተቀበሉት ቃል ኪዳን ምክንያት በዘጌ በበሬ ማረስና የቀንድ ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። ትውፊቱን እንደፈለግን ብንተረጉመው ውጤቱ በዓይን ይታያል። በጣና ዳርቻ ሌላው መሬት ታርሶ ሲራቆት ዘጌ ጫካ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ያደረገው ሕዝቡ ነው፤ ምስጋናውም ለእሱ ይገባል።

ይሁን እንጂ ጫካውን የሚጠብቀው ሰው ጫካውን ብቻ በልቶ አይኖርም። እህል ከውጭ ይገዛል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ወይም ቡናው ሲታመም የሚተርፈው የማገዶ እንጨት ነው። በየካቲት 1967 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገዳማቱ ይዞታቸውን ሲያጡ፣ ዛፉ የማን ነው የሚለው ጥያቄም ተከፈተ። ባሕር ዳር እያደገች ስትሄድ የማገዶ ፍላጎቷም አደገ። እንጨቱ በታንኳ ተጭኖ ወደ ከተማው ይሻገር ጀመር። ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ድሆች ናቸው፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች። «ጫካ አትቁረጡ» የሚለው ምክር ከቢሮ ሲመጣ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። እንጨቱን ገዝቶ የሚያነድደው ከተሜ ግን ምንም አይባልም።

ቱሪዝም እዚህ መሐል ነው የገባው። አካሄዱን ያየ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚቀር ለመረዳት አይቸገርም። ጎብኚው የሚያድረው ባሕር ዳር ነው። ጀልባው የባሕር ዳር ነው። ነዳጁም፣ ምሳውም፣ ቢራውም የባሕር ዳር ነው። ዘጌ ሲደርስ የአካባቢ አስጎብኚ ይይዛል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የመግቢያ ትኬት ይቆርጣል። ከወደቡ ወደ ዑራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብራና ላይ የተሳለ ሥዕል፣ መስቀልና የደንገል ትንሽ ታንኳ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይመለሳል። አያድርም። ለገበሬው ሚስት ዶሮ ወጥ ሸጣ የምታተርፍበት ዕድል የለም ማለት ነው።

ያም ሆኖ ትኬቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከእሱ ቄሶችና ዲያቆናት ይኖሩበታል፣ ጣሪያ ይጠገንበታል፣ ዕቃ ቤቱ ተዘግቶ ይጠበቅበታል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የነገሥታት ዘውዶችንና የብራና መጻሕፍትን ለጎብኚ የሚያሳይ ሙዚየም አለው። አከፋፈሉ ግን ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። ለቤተ ክርስቲያኑ የገባው ለመንደሩ ውሃና መንገድ ይውላል ወይ? ካህናቱ የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። ወጣቱ ደግሞ ጫካውን የጠበቅን እኛ ነን ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሥዕሉም የራሱ ጉዳይ አለው። የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ የተሳለው ለምእመኑ ትምህርት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስንክሳሩን የሚያነበው እዚያ ነው። ዛሬ በየቀኑ ቆሞ የሚያየው በብዛት ካሜራ የያዘ ሰው ሆኗል። ፍላሽ ማብራት የተከለከለ ነው፤ ሁሉም ግን አይሰማም። ልጆችም ከቱሪስት ኋላ መሄድ ከክፍል መቀመጥ ይሻላል ብለው የሚያስቡበት ጊዜ አለ። አንዳንዶቹ በዚያው ጥሩ እንግሊዝኛ ይዘው አስጎብኚ ሆነዋል፤ ሌሎቹ ትምህርቱንም ሥራውንም አጥተዋል።

ክብራን ገብርኤል በአንጻሩ ሴት የማይገባበት የወንዶች ገዳም ነው። የባዕድ አገር ጎብኚ በዚህ ሲያኮርፍ ይታያል። መነኮሳቱ ግን ደንቡን ለቱሪስት ብለው አልለወጡም፤ ወደፊትም የሚለውጡት አይመስልም። የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት አንድ የጀርመን ምሁር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፎቶ አንስቶ ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ዛሬ ተማሪው ስለ ጣና መጻሕፍት ለማወቅ ከደሴቱ ይልቅ የጀርመን ቤተ መጻሕፍት የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ጢስ ዓባይ

የድሮውን የአንድ ብር ኖት ጀርባ ያየ ሁሉ ጢስ ዓባይን አይቷል። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ይገኛል። ከ40 ሜትር አካባቢ ከፍታ ይወረወራል፣ በክረምት ሙላት ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ብዙ ሰው «የፖርቹጋሎች ድልድይ» ይለዋል። ድንጋዩን የጠረበውና ኖራውን የተሸከመው ግን የአገሬው እጅ እንደሆነ ማስታወስ ተገቢ ነው።

እዚህ ቅርስና ልማት ፊት ለፊት ተጋጥመዋል። ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ሥራ ጀመረ። 11 ሜጋ ዋት ገደማ ስለነበር ከወንዙ የሚወስደው ጥቂት ውሃ ነው። ፏፏቴው አልተነካም ማለት ይቻላል። በ1988 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ከዚያ በ1993 ሁለተኛው ማመንጫ መጣ፤ እሱ 73 ሜጋ ዋት ነው። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ይጠለፍና በቦይ ዞሮ ከበታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። ማለትም ውሃው ወንዙን አልተወም፤ የተወው ገደሉን ነው። በበጋ የመጣ እንግዳ ደረቅ ድንጋይና ከጎን የሚወርድ ቀጭን ውሃ ማየት ጀመረ። በ2002 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ተመረቀ። እሱ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳር በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል።

አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን የጢስ ዓባይ ከተማ ኑሮ በፏፏቴው ላይ የቆመ ነበር። አስጎብኚው፣ ወንዙን በጀልባ የሚያሻግረው፣ ጋቢና ነጠላ የምትሸጠው፣ በቅል የተሠራ ዕቃ ይዞ የሚሮጠው ልጅ፣ ለስላሳ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚጠብቀው፤ ሁሉም የሚበላው ከዚያው ውሃ ነው። አሁን ሥራቸው ወቅታዊ ሆኗል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የውሃው መጠንና የማመንጫዎቹ ፍላጎት የሚወስነው ነው። ውሃ ሲለቀቅና ሲዘጋ የመንደሩ ሰው ይጠየቃል ወይ? አይጠየቅም። አስጎብኚዎቹ በአካባቢው ቋንቋ «ዛሬ አለ ወይ?» ብለው ጠዋት ወጥተው ያያሉ።

ሐይቁ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል። በሰኔ 2007 ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን፣ በጠቅላላ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ቦታ፣ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበ። መዝገቡ ሐይቁን ብቻ አይደለም የያዘው፤ ሰውም፣ ማሳም፣ ከተማም በውስጡ ናቸው። ከእሱ በፊት በ2004 አካባቢ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ ነበር። አብዛኛው የተስፋፋው በጎንደር በኩል ነው፤ ወሬው ግን ለሁሉም ደረሰ። ገበሬው በእጁና በጀልባው ወጥቶ ሲነቅል የነበረበት ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያሳተፈ ነው። ማሽን መጥቶ ሳይሠራ የቆመበት ጊዜም ነበር።

ደንገል ያለበት ዳርቻ ለወይጦ ማኅበረሰብ መኖሪያና መተዳደሪያ ነው። ታንኳን ከደንገል የማሰር ጥበብ የእነሱ ነው። በድሮ ጊዜ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ለረጅም ጊዜም ተገልለው ኖረዋል። አሁን በሆቴሉ መግቢያ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ታንኳ የእነሱ እጅ ሥራ ነው። የሐይቁ ዳር ግን በመናፈሻና በሪዞርት አጥር እየታጠረ ደንገሉን ለማጨድ የሚሄዱበት መንገድ ይጠባል። ስለ ጣና ቱሪዝም ሲጻፍ ገዳሙ ሦስት ገጽ ይይዛል፤ ወይጦ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው። ይህ ጽሑፍም ብዙም አልተሻለም።

ሰባራ ድልድይ

ከሞጣ ወደ ጎንደር የሚያሻግረው ጥንታዊ ድልድይ ሰባራ የተባለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ስለፈረሰ ነው። አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ አፈረሱት የሚለው ትረካ በአካባቢው የታመነ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰዎች ክፍተቱን በገመድ ተጎትተው ተሻገሩ። ለገበያም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ ሰው በመጽሔት ላይ የዚህን መሻገሪያ ፎቶ አይቶ ድርጅት አቋቋመ፤ ድልድዩም በብረት ተጠገነ። ብዙም ሳይቆይ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በመጨረሻ ከፍ ተብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ለጎብኚ ቅርሱ የድሮው ድንጋይ ነው። ለሞጣና ለእስቴ ሰው ግን ቅርሱ መሻገር መቻሉ ነው።

ምሥራቁና ደቡቡ

መርጡለ ማርያም በእነብሴ ሳር ምድር ትገኛለች። ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሃ ይወስዳታል። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ የተጠረበው ድንጋይ ላይ ያለው ጌጥ ከየትኛውም ያገራችን ሥራ አያንስም። ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅና ደብረ ኤልያስ ለአብነት ትምህርት ስማቸው የገነነ ነው። ኢትዮጵያ ቅኔ ከጎጃም ተማረች ቢባል ማጋነን አይደለም። እነዚህ ቦታዎች ቱሪስት ብዙም አያያቸውም፤ የሚያያቸው ተሳላሚና የቆሎ ተማሪ ነው።

እዚህ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበን ቅርስ ያለ ፈቃድ መጠገንም መለወጥም ይከለክላል። የደብሩ ሕዝብ ግን የሣር ክዳኑ ሲያፈስ ይከፋል። ሣሩ ራሱ ግጦሽ ታርሶ ጠፍቷል፤ ክዳን የሚያውቁትም ጥቂት ናቸው። ቆርቆሮ ቶሎ ይደርሳል። ምእመኑ ካለው ላይ አዋጥቶ «ቤቷን አሳመርናት» ሲል ባለሙያው «አጠፋችኋት» ይላል። ምዝገባ ይዞ የመጣው ክልከላ እንጂ በጀት ስላልሆነ ብዙ ደብር መመዝገብን በጥርጣሬ ያየዋል። የዕቃ ቤት ስርቆትም ጥርጣሬውን አባብሶታል። መጽሐፍ ፎቶ ላንሳ የሚል እንግዳ ከመጣ በኋላ ሌባ የመጣበት ደብር ለሚቀጥለው እንግዳ በሩን አይከፍትም።

ግሼ ዓባይ፣ ጮቄና አዊ

ግሼ ዓባይ ምንጩ ጠበል ነው። ለመግባት መጾም ያስፈልጋል፤ ቁርስ በልቶ የመጣ ጎብኚ ከውጭ ቆሞ ይመለሳል። በጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ሲከበር የሚመጣው ምእመን የውጭ ቱሪስት በዓመት ከሚመጣው ጋር አይወዳደርም። ገቢውም እዚያው ሰከላ ይቀራል። ጧፍ የሚሸጠው፣ ቤቱን ለማደሪያ የሚያከራየው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው የአካባቢው ሰው ነው። ስለ ቱሪዝም ሲታቀድ ይህ ዓይነቱ ተጓዥ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ መቆጠር የነበረበት እሱ ነው።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ብዙ ወንዝ የሚነሣበት ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል። ገብስና ድንች እስከ ላይ ድረስ ለሚያርሰው ሰው ግን ጥበቃ ማለት መሬት መልቀቅ እንዳይሆን ይሰጋል።

በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ተቋቁሞ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ይከበራል። በዓሉ ለጎብኚ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ማኅበሩ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲጣላ ያስታርቃል። ስለዚህ ጎብኚ ቢመጣም ባይመጣም አይፈርስም።

የቅርብ ዓመታት

በ2012 ኮቪድ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት። የውጭ ጎብኚ በጣም ቀነሰ። በጣና የጀልባ ማኅበራት ሥራ ፈቱ፣ የዘጌ አስጎብኚዎች ወደ ቡናና ወደ ሌላ የቀን ሥራ ዞሩ። ሙሉ በሙሉ በትኬት ላይ የቆመው ደብር ከሁሉም በላይ ተጎዳ። ሰከላና እንጅባራ ግን ከፈረንጅ የሚጠብቁት ብዙም ስላልነበር ከዚያ በኩል ያጡት ጥቂት ነው።