ተሃድሶ ምንድን ነው? (እረፍት ነው ላሉት ሰውዬ)

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ጦር ሠራዊቶችና ስለ ኮሮና ጊዜ ሲያወራ ሰማሁ። ብዙውን በደንብ ተናገረ። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አለ፦ «እንግሊዞች የተጎዱ ወታደሮቻቸውን ቤታቸው ላኩ፤ ተሃድሶውን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት። ተሃድሶ እኮ እረፍት ነው፤ ቤትም ሆኖ ይታረፋል።»

የመጀመሪያዬ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ይህን ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

የቀድሞ ተዋጊዎችን ተሃድሶ እያልኩ አይደለም። እሱ ትጥቅ ከመፍታትና ወደ ኅብረተሰቡ ከመመለስ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛ አገር የራሱ ኮሚሽንም አለው። የእኔ ሥራ ጉልበት፣ ወገብ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የተቆረጠ እግር፣ የተመታ ጭንቅላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትን ትርጉም ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ሰው በሚኖርበት ቦታ የሚፈልገውን ማድረግ እንዲችል አቅሙን የሚመልሱ ሥራዎች። «ሥራዎች» የምትለዋ ይሰመርባት።

ቁስል ተኝተህም ያገግማል። ጡንቻ ግን ተኝተህ አያድግም። ጤነኛ ወጣት እግሩ ለ2 ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ቢታሰር ከጭኑ ጡንቻ ጥንካሬ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ጤነኛው ነው እንግዲህ።

ገበሬ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ቶሎ ይረዳኛል። ቀዶ ጥገና ማረስና መዝራት ነው። እረፍት ዝናብ ነው። ያስፈልጋል፣ ማን ይክዳል? ግን ጤፍ ዘርቶ «ዝናቡማ ጥሩ ነው» እያለ እስከ ኅዳር የተኛ ገበሬ ምን ያጭዳል? ሙጃ። ሙጃ ደግሞ ወረርሽኝ ገባ ብለው ቢለምኑት አይቆምም። በተጠገነ ጉልበት ውስጥ ሙጃው ጠባሳ ነው፤ መገጣጠሚያውን አንቆ ይይዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልተዘረጋ ጉልበት በ6ኛው ወር ልዘርጋህ ቢሉት እሺ አይልም። አንዳንዱ እንደገና ቀዶ ጥገና ይገባል። አረሙን «ለሌላ ጊዜ ያስተላለፈ» ገበሬ ካለ እስኪ ያስተዋውቁኝ።

(ምሳሌዬ እዚህ ጋ ትንሽ ያነክሳል። ጤፍ ራሱን አያርምም፤ ታካሚ ግን የሚያርመው ራሱ ነው። እኔ የግብርና ባለሙያው ነኝ፤ ማሳው ዳር ቆሜ እጮሃለሁ።)

ወደ እንግሊዞቹ ልመለስ። እዚያ የወታደር ተሃድሶ ደረጃ አለው። በየካምፑ ፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ። ከዚያ የየአካባቢው ማዕከላት ይመጣሉ። ከባዱ ጉዳት የሚላከው ኖቲንግሃምሻየር ወዳለው ስታንፎርድ ሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረ ማዕከል ነው፤ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን እጅና እግራቸውን አጥተው የተመለሱትን ያስተናገደውን ሄድሊ ኮርትን ተካ። የወታደር ተሃድሶ ሲባል ታካሚው ሁሉ በጥይት የተመታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ስልጠና ላይ ወይም ኳስ ሜዳ ላይ የተጎዳ ጉልበትና ወገብ ነው።

የየአካባቢው ማዕከላት ሥራ የቡድን ነው። ወታደሮቹ ለ3 ሳምንት ያህል በአንድ ላይ ይሠራሉ። እንግዲህ መጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) መጣ። አንድ አዳራሽ ሙሉ የሚያለከልክ ሰው፣ ሁሉንም በእጁ እየነካ የሚዞር ባለሙያ፤ ለቫይረሱ ሠርግ ነው። ስለዚህ ብዙው ክትትል ወደ ስልክና ቪዲዮ ዞረ። አዎ፣ ወታደሮቹ ቤታቸው ሄዱ። ሥራውም አብሯቸው ሄደ። የስታንፎርድ ሆል ባለሙያዎች በዚያው በ2020 ከኮቪድ በኋላ ስለሚሰጥ ተሃድሶ የጋራ የሙያ መግለጫ አወጡ። በሽታው አለቅ ያላቸውን ወታደሮች የሚመረምር አገልግሎትም ተከፈተ። ይሄ ነው እንግዲህ «እረፍቱ»።

እርግጥ መግለጫው ውስጥ እረፍትም አለ። የልብ ጡንቻው መቆጣቱ የተረጋገጠ ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ከከባድ ስፖርት ይታቀብ ይላል። «ይኸው!» እንዳይለኝ ሰውዬው። ይህ እረፍት እንደ መድኃኒት የታዘዘ ነው፤ መጠን አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ሲያበቃ የሚመረምር ሐኪም አለው። ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ልጨምር፦ ትንሽ ተንቀሳቅሶ በማግስቱ አልጋ ላይ የሚወድቅ የኮቪድ ታካሚ «በርታ፣ ጨምር» አይባልም። እንዲህ ብለው የሚመክሩ የጂም ልጆች ስላየሁ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ የርቀት ተሃድሶ ሲባል የዩቲዩብ ሊንክ መላክ የሚመስለው ነው። በኮሮና ሰሞን የጉልበት ጅማቱ የተሠራለት አንድ ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ እከታተል ነበር። ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ ያስደግፋል። ተረከዙን የተጠቀለለ ፎጣ ላይ ያስቀምጥና ጉልበቱን ወደ ታች ይጫናል። ክብደት ሲያስፈልገን 2 ሊትር ሃይላንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትን፤ አንዱ 2 ኪሎ ነው፣ ሂሳቡ ቀላል። ከባዱ ሌላው ነው። ጤፍ በቡቃያው ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ጎንበስ ብለህ በእጅህ ካልነካኸው አትለየውም። ሕመምም እንደዚያው ነው። የሚጠቅም ሕመም አለ፣ «አቁም» የሚል ሕመም አለ። እጄን ጉልበቱ ላይ ሳሳርፍ ሙቀቱና እብጠቱ ይነግሩኛል። በስልክ ግን በእሱ እጅ ነው የምዳስሰው። «የእጅህን ጀርባ አስቀምጥ። ከሌላኛው ጉልበትህ ይሞቃል?» እያልኩ።

ወታደር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወታደር «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳል። አዳራሽ ውስጥ ሲያነክስ ታየዋለህ፤ ጓዶቹም ያሳብቁበታል። በቪዲዮ የምታየው ከደረቱ በላይ ፈገግ ያለ ሰው ነው። መድረሻውም ሩቅ ነው። እኔና እናንተ ደረጃ ከወጣን ድነናል። የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ግን 4 ኪሎ ሜትር በ40 ኪሎ ሸክም በ50 ደቂቃ መሄድ ይጠበቅበታል። በሃይላንድ እዚያ አይደረስም። ጂምና የጓድ ጩኸት ይፈልጋል። ስለዚህ የርቀቱ ማሳውን ከሙጃ ማቆያ እንጂ አጨዳው አይደለም። ጊዜ ገዛ፤ ጊዜ ደግሞ እዚህ ሙያ ውስጥ ውድ ነው።

ለቃል ምን አስጨነቀህ የሚለኝ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. 155 አገሮችን ጠይቆ ነበር፤ በ63 በመቶዎቹ የተሃድሶ አገልግሎት ተስተጓጉሏል። ክፍሉን ለሌላ ሥራ የሚሰጥ፣ ባለሙያውን የሚያዛውር ሰው አለ። ያ ሰው ተሃድሶ እረፍት ነው ብሎ ካመነ መጀመሪያ የሚዘጋው የእኛን በር ነው።

ያ ልጅ ነገሮች ሲከፈቱ በአካል መጣ። አልጋው ላይ ተኛና እግሩን ዘረጋ። ከጉልበቱ ሥር ያለውን ክፍተት ለመለካት ጣቶቼን አስገባሁ። ሁለት ገቡ። በቪዲዮ ሁልጊዜ «አንድ ብቻ ነው የሚገባው» ይለኝ ነበር። ጣቶቹን አየኋቸው። ወፋፍራም ናቸው።