አያያዥ ቃል ምንድን ነው? በአይኤልትስ ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ምክር

«በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አንድ አያያዥ ቃል ካስገባችሁ ባንድ 7 አያመልጣችሁም።» ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንዳየሁት! አያያዥ ቃል ማለት እንደ «ሃውኤቨር» (ነገር ግን) እና «ፈርዘርሞር» (ከዚህም በላይ) ያለ፣ አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ቃል ነው፤ ባንድ ደግሞ እስከ 9 የሚደርሰው የፈተናው የነጥብ ደረጃ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የሃምሳ ቃላት ዝርዝር አያይዞ «ፈታኙ የሚቆጥረው እነዚህን ነው» ሲል ጻፈ። ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተናው፣ የሚዘጋጁ ልጆችም ዝርዝሩን እየተቀባበሉ ይሸመድዱታል። ለፈተናው ስንት ብር ከፍለው የሚቀመጡ ሰዎችን የሚጎዳ ምክር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፈታኙ አይቆጥርም። ጽሑፉ የሚመዘነው በአራት መስፈርቶች ሲሆን እያንዳንዱ የነጥቡን ሩብ ይይዛል። የሐሳብ ፍሰትና ትስስር ከአራቱ አንዱ ነው። በዚያ ሩብ ውስጥ ደግሞ የአንቀጽ አከፋፈል አለ፣ የሐሳብ ቅደም ተከተል አለ፣ የተውላጠ ስም አጠቃቀም አለ፤ አያያዥ ቃል የሚደርሰው ከሩብ ላይ ቁራሽ ነው። ለሕዝብ ይፋ የሆነውን የነጥብ መግለጫ አውጥታችሁ አንብቡት። የአያያዥ መብዛት ባንድ 5 ላይ እንደ ድክመት ተጽፏል። ባንድ 6 ላይ ትስስሩ «ሜካኒካል»፣ ማለትም በዘልማድ የተለጠፈ፣ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ባንድ 9 ላይ ግን ትስስሩ የአንባቢን ዓይን የሚስበው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ማያያዣው እየተሰወረ ይሄዳል፤ አስተያየት ሰጪው የመከረው ተቃራኒውን ነው።

አያያዥ ቃል የመኪና ፍሬቻ ነው። ፍሬቻ መኪናውን አያዞርም፤ የሚያዞረው መሪው ነው። ፍሬቻው ከኋላ ለሚመጣው ሹፌር «ልታጠፍ ነው» ይለዋል፣ በቃ። መንገዱ ራሱ ሲጠማዘዝ ማንም ፍሬቻ አያበራም፤ ተከታዩም መንገዱን ያያልና። መስቀለኛ ላይ ግን የግድ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በየሃያ ሜትሩ ፍሬቻ የሚያበራ ሹፌር ተከታዩን ያደናግራል፤ ቆይቶ የእውነት ሊታጠፍ ሲልም የሚያምነው አያገኝም። ከሁሉ የከፋው ግራ አሳይቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ነው። «ሃውኤቨር» ብሎ ጀምሮ ያንኑ ሐሳብ የሚደግም ተፈታኝ የሚያደርገው ይህንን ነው። «ኦን ዘ ኮንትራሪ»ም እንዲሁ፤ የቀደመውን አባባል «የለም፣ እንዲያውም» ብሎ ለማፍረስ የሚገባ ሐረግ ሆኖ ሳለ፣ የከተማን ኑሮ ከገጠር ጋር ለማነጻጸር ሲውል በየድርሰቱ አየዋለሁ። ለንጽጽር «ዋይል» ወይም «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» አለላችሁ።

በምሳሌ ላሳይ። ጥያቄው ስለ መኪና መብዛት ነው እንበል። ተማሪው የጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ «ፈርስትሊ፣ መኪና ሲበዛ መንገድ ይጨናነቃል። ሞርኦቨር፣ ሠራተኛ ያረፍዳል። ፈርዘርሞር፣ ድርጅት ይከስራል።» ሐሳቦቹ አንዱ ሌላውን ያስከተለ ሰንሰለት ናቸው፤ ቃላቱ ግን «በመጀመሪያ»፣ «በተጨማሪም»፣ «ከዚህም በላይ» እያሉ ሦስት የማይገናኙ ነጥቦች እንደተደረደሩ ይናገራሉ። አያያዦቹን እናውጣቸውና፦ «መኪና ሲበዛ መንገድ ይጨናነቃል። ይህ መጨናነቅ ሠራተኛውን ያስረፍደዋል፤ በየቀኑ የሚባክነው ሰዓትም ድርጅቱን ያከስረዋል።» እዚህ ሥራውን የሠራው «ይህ መጨናነቅ» ነው፤ በእንግሊዝኛው «ዚስ ኮንጀስሽን»። ካለፈው ዓረፍተ ነገር ሐሳቡን አንስቶ ስም ሰጠው፣ ቀጣዩም በዚያ ላይ ቆመ። የቋንቋ ሊቃውንቱ ማይክል ሃሊዴይና ሩቃያ ሐሰን በ1976 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛን ጽሑፍ ትስስር በአምስት ሲከፍሉት መስተጻምር፣ ማለትም አያያዥ ቃል፣ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር። ቀሪዎቹ እንደ «ይህ» እና «እነዚያ» ባሉ ቃላት ወደ ኋላ ማመልከት፣ በሌላ ቃል መተካት፣ የታወቀውን ሳይደግሙ መተውና የቃላት ዝምድና ናቸው። የሃምሳ ቃላቱ ዝርዝር አራቱን ጥሎ አንዱን ነው የያዘው።

በንግግሩ ክፍል ችግሩ ይብሳል። ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚቆይ የፊት ለፊት ጭውውት ነው። ስለ ሰፈሩ ተጠይቆ «ፈርዘርሞር» የሚል ሰው የመንግሥት ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። ሰው ሲያወራ «ሶ»፣ «ቢኮዝ»፣ «በት»፣ «ዌል»፣ «አይ ሚን» ነው የሚለው። ደግሞም ተፈታኙ ያን ከባድ ቃል ለማስታወስ ሲል ቆም ይላል፤ ቅልጥፍናና የሐሳብ ፍሰት በአንድ መስፈርት ስለሚመዘኑ ለአንዱ ብሎ ሌላውን ያጣል።

አፋችንን በአማርኛ የፈታን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ስህተት አለን። «ምንም እንኳን ቢዘንብም፣ ግን ሄድን» ማለት ለእኛ ጆሮ አይጎረብጥም። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» አይገባም፤ አንዱ ይበቃል። «ምክንያቱም» ብለን አዲስ ዓረፍተ ነገር እንደምንጀምረው ሁሉ በ«ቢኮዝ» ጀምረን ብቻውን በነጥብ እንዘጋዋለን፤ በጽሑፍ ግን ከዋናው ሐሳብ ጋር ካልተያያዘ ጎዶሎ ነው። ሁለቱም የሰዋስውን ሩብ ይነካሉ፤ በዚያ ዝርዝር ላይ ግን ስለ እነሱ አንድም ቃል አላየሁም።

አያያዥ ቃል ይቅር አላልኩም። የነጥብ መግለጫው ባንድ 7 ላይ መብዛቱን ብቻ ሳይሆን ማነሱንም ይጠቅሳል። ከሁለቱ የፈተናው ዓይነቶች በአካዳሚኩ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ የአሠራር ሂደት የሚያሳይ ሥዕል ከመጣ «አፍተር ዛት»፣ «ዋንስ»፣ «ፋይናሊ» የግድ ያስፈልጋሉ፤ ያለ እነሱ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አይታወቅም። በጄኔራሉ ፈተና ለጓደኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ «ፈርዘርሞር» ቦታ የለውም፤ እዚያ «ኦልሶ» እና «ኤኒዌይ» ይበቃሉ።